ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ

ልጅቷ የትምህርት ቦታዋን ያጣችው ደህና መስላ ስለታየች ነው። ደህና ያስመሰሏት ደግሞ ከሰው ሁሉ አብልጠው የሚወዷት አያቷ ናቸው። የጥፋቱ ቁም ነገር ይኸው ነው፤ የቀረው ማብራሪያ ነው።

አያትየው ልብስ ሰፊ ናቸው። ሱቃቸው በጫማ ጠጋኝና በመድኃኒት ቤት መካከል የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ስትሆን፣ በጀርባዋ ባለው በር ወደ መኖሪያቸው ይገባል። በሰፈሩ የሚታወቁት አዲስ ልብስ በመስፋት ሳይሆን ቀዳዳ በማጥፋት ነው። ሲጋራ የበላው ኮት፣ ሚስማር የጎተተው ቀሚስ፣ ያለቀ ኮሌታ ይመጣላቸዋል። እሳቸውም ከዚያው ልብስ፣ ማንም ከማያየው እጥፋት ውስጥ ክር ይመዙና ቀዳዳውን እንዳልነበረ ያደርጉታል። ደንበኛው ልብሱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ «የቱ ጋ ነበር?» ሲል፣ መነጽራቸውን አውልቀው «እኔም ረሳሁት» ይላሉ። ይህቺን መልስ ከመስጠት የበለጠ የሚያስደስታቸው ነገር አልነበረም።

የልጃቸው ልጅ፣ እሳቸው ድንቢጥ የሚሏት፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እድገቷ ከእኩዮቿ የዘገየ ነው። እኩዮቿ ተረት ሲያወሩ የእሷ ቃላት ጥቂት ነበሩ፤ ውሃ፣ በር፣ አባባ፣ እንቢ። በር ሲላተም ትጮሃለች። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲናገር ጆሮዋን ይዛ ትቀመጣለች። የሚያረጋጋት አንድ ነገር ነው፤ የአያቷ የስፌት መኪና ድምፅ። ፔዳሉ መረገጥ ሲጀምር የትም ብትሆን ትመጣና ከመኪናው ሥር ተቀምጣ ጉንጯን ብረቱ ላይ ትለጥፋለች። አባቷ ገና ስትወለድ የሄደ ሰው ነው፤ እናቷ በሆቴል ልብስ ማጠቢያ በፈረቃ ትሠራለች። ስለዚህ ድንቢጥ ያደገችው እዚያው ከፔዳሉ ሥር፣ በቁርጥራጭ ጨርቅ መካከል ነው።

ባለፈው ዓመት የትምህርት ቢሮው የተለየ ድጋፍ ለሚያስፈልጋቸው ልጆች አንድ ክፍል ከፈተ። ቦታው ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ ነበር። እናትየዋ ልጇን አስመዘገበች፤ አንዲት ገምጋሚም ልጅቷን ቤቷ መጥታ ልታያት ቀጠሮ ያዘች። ሽማግሌው ለዚያ ቀን ልጅ እንደሚድር ሰው ተዘጋጁ። ነጭ ኮሌታ ያለው ቀሚስ ሰፉላት። «እንዴት ነሽ?» ስትባል «ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ» እንድትል ጠዋት ማታ አስጠኗት። ማስጠኛቸውም ያው መኪናው ነበር። በትክክል ስትመልስ ፔዳሉን ይረግጡላታል፤ ዝም ስትል ያቆማሉ። ልጅቷም ያንን አረፍተ ነገር ከመኪናው ድምፅ ጋር አያይዛ ዋጠችው።

ገምጋሚዋ በመጣች ጊዜ ሽማግሌው ከመኪናው ሳይነሱ፣ ሥራ እንደበዛበት ሰው ይቅርታ ጠይቀው ተቀበሏት። መርፌው ሥር ጨርቅ አልነበረም። ሴትየዋ እስክትሄድ ድረስ ባዶውን መኪና ረገጡት። ድንቢጥ ከጎናቸው ረግታ ተቀመጠች፤ ስትጠየቅም የተማረችውን መለሰች። የቀረውን ጥያቄ ሁሉ የመለሱት አያቷ ናቸው። ትንሽ ዓይን አፋር ናት እንጂ ሌላ እንከን የለባትም አሉ።

ገምጋሚዋ ያየችውን ጻፈች። ቦታው ይበልጥ ለተቸገረ ልጅ ተሰጠ፤ ድንቢጥም ከሌሎቹ ልጆች ጋር በሞላ ክፍል ውስጥ፣ ያለ ረዳት እንድትማር ተወሰነ። ሽማግሌው በዚያ ሰሞን ላገኙት ሁሉ «አላልኳችሁም?» ሲሉ ከረሙ። ደስታቸው ግን የልጅቷ የደንብ ልብስ አንዴ እንኳ ሳይታጠብ አለቀ። ድንቢጥ ትምህርቱን አቋርጣ ቤት ተመለሰች፤ የተመለሰችው ግን የሄደችው ልጅ አልነበረችም።

ሽማግሌውና የእህታቸው ልጅ የተገናኙት በአጋጣሚ፣ በዚያው ትምህርት ቤት በር ላይ ነው። ይህቺን ወጣት ቤተሰቡ ችኩሏ ይላታል፤ አዋላጅ ሳትደርስ ስለተወለደች ነው ይባላል። እሷ ግን «የዘገየችው አዋላጇ ናት» ባይ ናት። በዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ትምህርት ጨርሳ ሌላ ከተማ ስትሠራ ቆይታ፣ በቅርቡ እዚህ ትምህርት ቤት በአማካሪነት ተቀጥራለች። ከሥራ ስትወጣ አጎቷን በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር በብብታቸው ይዘው ከዘበኛው ጋር ሲነጋገሩ አየቻቸው።

«ጋሼ፣ ምን እግር ጣለዎት?»

«እግርስ አይደለም፣ ጨርቅ ነው የጣለኝ» አሉ ሽማግሌው። «የድንቢጥ የደንብ ልብስ ነው። ገና አዲስ ነው፤ ልኳ ለሆነ ልጅ ይስጡት ብዬ።»

«እሷስ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት።»

የችኩሏ ፊት ተለወጠ። ለምን እንደሆነ ሽማግሌው የገባቸው በኋላ ነው። ጥቅሉን ከእጃቸው ተቀበለችና ለዘበኛው በመስጠት ፈንታ ይዛው ወደ ሱቃቸው መንገድ ጀመረች፤ እሳቸውም ልብሱን እንደተቀማ ሰው ተከተሏት።

ሱቁ ሲደርሱ ከጀርባው በር በኩል ግድግዳን ቀስ ብሎ እንደመምታት ያለ ድምፅ ይሰማ ነበር። ችኩሏ በሩን አየችው። መወርወሪያው ከውጭ ነው የተገጠመው፤ አዲስ ነው፣ የብሎኑ ብናኝ እንኳ ከወለሉ አልተጠረገም። ለማን እንደሆነ አልጠየቀችም። ከፈተችው።

ድንቢጥ በአልጋውና በግድግዳው መካከል ባለችው ክፍተት ተሸጉጣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትወዛወዛለች። የአንድ ዓይኗን ቅንድብ ነቅላ ጨርሳዋለች። የእጇ ጀርባ በጥርስ ተነክሶ ጠቁሯል። ሽማግሌው ከደጃፉ ላይ ቆመው፣ ሌሊት እንደማትተኛ፣ የነበሯት ጥቂት ቃላት እንደጠፉ፣ በሩ ክፍት ሲሆን ወደ መኪና መንገድ እንደምትሮጥ፣ መወርወሪያውም ለደኅንነቷ እንደተደረገ አስረዱ። ችኩሏ ወደ ልጅቷ አልተጠጋችም፤ ራቅ ብላ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አየቻት። ከዚያ ተነሥታ የመንገዱን በር ዘጋች፤ የውስጡን ክፍት ተወችው።

«ጋሼ፣ ይህቺ ልጅ ደህና አይደለችም።»

«ገና መምጣትሽ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማሽም?»

«እሺ፣ እለቅማለሁ። ፈሶ ከሚቀር ይሻላል።»

ሽማግሌው ከመኪናቸው ኋላ ተቀመጡ። የአንድ ነጋዴ ኮት ክንዱ ላይ ተቀዶ ጠረጴዛው ላይ ነበር። እሱን አንስተው ክር እየመዘዙ መከራከር ጀመሩ። ሰው በሥራው ውስጥ ሲሸሸግ ክርክሩ ይቀለዋል።

ያሉትም ሌሎች ብዙዎች የሚሉትን ነው። ልጅ እንደየጊዜው ይበስላል፤ የእናታቸው ወንድም ጢም እስኪያወጣ ድረስ አልተናገረም ነበር፤ አንዴ ከጀመረ ወዲህ ግን ዝም የሚያሰኘው ሰው እስኪሞት አልተገኘም። ችኩሏ ሳቀች። ቢሆንም፣ አለች፣ ያ ሰውዬ ዝም አለ እንጂ ቅንድቡን አልነቀለም።

«እሺ ይሁን። ትንሽ ጎደሎ ነገር አለባት ልበል» አሉ ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ታዲያ ገመናዬን ለቢሮ ላውጣው? አንዴ እንዲህ ናት ተብሎ ከተጻፈባት ማን ይፍቀዋል? እኔ ነገ ሟች ነኝ። ስሟ ግን ይቀራል።»

«እኛ ስም ካላወጣንላት ሌሎች ያወጡላታል። ልጆቹ ክፍል ውስጥ ምን ይሏት እንደነበር ልንገርዎት?»

«ተይው።»

«ተውኩት።»

ችኩሏ ከዚያ በኋላ የተናገረችው ረጅም ነው፤ ፍሬ ነገሩ ግን እንዲህ ነበር። በዚህች ልጅ ላይ ሁለት ነገር አለ፤ ሁለቱን መደባለቅ አይገባም። አንደኛው የእድገቷ መዘግየት ነው። ይህ እርግማን አይደለም፤ የማንም ጥፋት አይደለም፤ በክኒን የሚለቅ በሽታም አይደለም። በራሷ መንገድና በራሷ ፍጥነት የሚያስተምራት ካገኘች ትማራለች፤ ካላገኘች ባለችበት ትቀራለች። ሁለተኛው ፍርሃቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ራስን መጉዳቱ ነው። ይህኛው ሕመም ነው። እንደ ማንኛውም ሕመም ሐኪም አለው፣ ሕክምና አለው። ሰዎች ግን አንደኛውን አይተው ሁለተኛውን «ያው ጠባይዋ ነው» ይሉና ልጅ እየታመመ ዝም ብለው ያዩታል።

«አንደኛውን ይዛው ተወለደች» አለች ችኩሏ። «ሁለተኛውን ግን እኛ ነን የጨመርንላት።»

«እኛ» የምትለው ቃል ሽማግሌውን ወጋቻቸው። መርፌው ውስጥ ክር ለማስገባት ሞከሩ፤ ሳታቸው።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች ችኩሏ። «ደንበኛ ቀዳዳውን ሳያሳይዎት ልብስ ቢያመጣስ? እጥፍ አድርጎ፣ ቀዳዳውን ውስጥ ደብቆ?»

«እንዲህ ያለ ሞኝ ሞልቷል» አሉ ሽማግሌው፤ ነገሩ ወደ ሙያቸው ስለተመለሰላቸው ትከሻቸው ላላ። «ምን አደርጋለሁ? ተኩሼ እመልስለታለሁ። ያልታየኝን ምኑን ልጠግን?»

«ገምጋሚዋም ተኩሳ መለሰችልዎት።»

ሽማግሌው ኮቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ከጓዳ የግድግዳው ድምፅ ይሰማ ነበር። ችኩሏ በዚህ ብታቆም ደግ ነበር፤ ግን እውነት በግማሽ ሲነገር አትወድም። የክፍሉን መምህርት አግኝታ እንደነበር ነገረቻቸው። ደወል ሲደወል፣ ልጆቹ ሲጫጫሁ ድንቢጥ ከዴስክ ሥር ገብታ እጇን ትነክስ ነበር። መምህርቷም ጎንበስ ብላ፣ ምን ሆንሽ፣ እንዴት ነሽ ትላታለች።

«ምን ትመልስ እንደነበር ያውቃሉ?»

ሽማግሌው አወቁ። ግን እንዲነገራቸው ጠበቁ።

«ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ። ደም እየወጣት ነው እንዲህ የምትለው፤ ደጋግማ። መምህርቷ መጀመሪያ የምትቀልድባት መሰላት። በኋላ ደግሞ ደህና ነኝ ካለች ደህና ናት ብላ ተወቻት። ለካ ልጅቷ የምትለው፣ አባባ መኪናውን እርገጥልኝ ነው። እዚያ ደግሞ የሚረግጥላት የለም።»

ሽማግሌው የተናገሩት ስለ መኪናው ነበር፤ ጨርቅ እንዳልነበረው፣ ሴትየዋ እስክትሄድ ድረስ ጉልበታቸው እስኪዝል እንደረገጡት፣ ማታም በዚህ እንደተኩራሩ። ይህን እስከዚያች ሰዓት ለማንም አልተናገሩም ነበር። ችኩሏ አልገሠጸቻቸውም፤ አላጽናናቻቸውምም። የደበቁት ነገር ሊነገር ከሚገባው ሁሉ ዋናው እንደነበር ብቻ ገለጸችላቸው። ልጅቷን ምን እንደሚያስጨንቃት ለማወቅ ባለሙያ ወራት ይፈጅበታል፤ ምን እንደሚያረጋጋት ግን እሳቸው ያውቁታል። ለመደበቂያ ተጠቀሙበት እንጂ ለመታከሚያ ሊሆን ይችል ነበር።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አሉ ሽማግሌው ለራሳቸው። «ይህን ተረት ለስንት ሰው ተርቻለሁ።»

ከዚያ ችኩሏ ልትነግራቸው ያሰበችውን ነገር አወጣች። በድጋፍ ክፍሉ ከነበሩት ልጆች የአንዱ ቤተሰብ ከተማ ለቅቆ ሄዷል፤ አንድ ቦታ ተከፍቷል። ቀድመው ተገምግመው ቦታው ያለፋቸው ልጆች በመጪው ሐሙስ እንደገና ይታያሉ። ድንቢጥ በሚቀጥለው ዓመት ክፍሉ ከሚቀበለው ዕድሜ ታልፋለች፤ ስለዚህ ይህ የመጨረሻ ዕድሏ ነው። ቢሮው ግን ያለፈው ግምገማ ስሕተት መሆኑን የሚያውቅ ሰው ቀርቦ እንዲያስረዳ ይጠይቃል። እናትየዋ ገምጋሚዋ ቤት የመጣች ዕለት ሥራ ላይ ነበረች።

«እዚያች ሴት ፊት ቆሜ፣ አታልዬሽ ነበር ልበል? በዚህ ሽበቴ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

ማታ እናትየዋ ከሥራ ስትመለስ እጇ በሳሙና ነጥቶ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ሽማግሌው ሁሉንም ነገሯት። ትጮኽብኛለች ብለው ነበር። እሷ ግን ወለሉን እያየች፣ «አባዬ፣ እኔም እኮ ስታስጠናት እሰማ ነበር» አለች። «ስትመልስ ደስ ይለኝ ነበር። ልጅ ያለኝ መሰለኝ።» ሽማግሌው ተነሥተው መፍቻ ፈለጉና የጀርባውን በር መወርወሪያ ነቀሉት፤ በምትኩም የመንገዱ በር እጀታ ላይ፣ ልጅቷ ስትከፍተው የሚያቃጭል ትንሽ ቃጭል አሰሩ። ያቺን ያህል ለማሰብ አንድ ዓመት ፈጀባቸው።

በየቤታችን ባዶውን የሚዞር መኪና አለ። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የሚገባ ልጅ፣ ሐኪም ሲጠይቅ በእናቱ አፍ የሚመልስ ልጅ፣ ለዘመድ «ክፍለ ሀገር ሄዷል» የሚባል ልጅ አለ። የምናደርገው በፍቅር እንደሆነ እንምላለን፤ ፍቅርም ይሆናል። ልጁ የሚያጣውን ግን አይቀንስለትም።

ሐሙስ ጠዋት፣ ኮሪደሩ በሰው ሳይሞላ፣ በችኩሏ ምክር በጓሮ በኩል ወደ ቢሮው ገቡ። የመገምገሚያው ክፍል ጠባብ ነበር፤ ረጅም ጠረጴዛ፣ የተላጠ ቀለም፣ መስኮቱ ላይ የደረቀ አበባ። ድንቢጥ በእጇ ቁርጥራጭ ጨርቅ ጨብጣ በእናቷና በአያቷ መካከል ተቀመጠች። ነጭ ኮሌታውን ቀሚስ አላለበሷትም። ከጠረጴዛው ማዶ ያለችው ያቺው ገምጋሚ ነበረች።

ሽማግሌው ቆመው ተናገሩ። አስቀድመው የተዘጋጁበትን መግቢያ ረሱትና በቀጥታ፣ «ያን ቀን መርፌው ሥር ጨርቅ አልነበረም» አሉ። ገምጋሚዋ መጀመሪያ አልገባትም። ሲያስረዷት፣ አረፍተ ነገሩን እንዴት እንዳስጠኗት፣ ዝም ስትል መኪናውን ያቆሙባት እንደነበር ሲናገሩ፣ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሽማግሌው ስድብ ይጠብቁ ነበር።

«ድምፁን ሰምቻለሁ» አለች ሴትየዋ። «ቀና ብዬ ጨርቁን አላየሁም። ያም የኔ ጥፋት ነው። በዚያ ሰሞን የማየው ልጅ ብዙ ነበር፤ አንዱ ደህና ሆኖ ሲገኝ ደስ ይለኝ ነበር።»

ከዚያም በክፍሉ ውስጥ ምን እንደሚደረግ አስረዳቻቸው። ልጆቹ ጥቂት ናቸው፤ ከመምህሩ ሌላ ረዳት አለ። ደወሉ ተነቅሎ በመብራት ተተክቷል። ቃል የሌለው ልጅ የሥዕል ካርድ እየጠቆመ ፈራሁ፣ ጠማኝ፣ ልውጣ ይላል። የጨነቀው ልጅ የሚያርፍበት ጥግ አለ፤ የድንቢጥ አያት የመኪናቸውን ድምፅ ቀድተው ቢያመጡ እዚያ ይከፈትላታል። ለፍርሃቱና ለእንቅልፉ የአእምሮ ሐኪም ያያታል፤ ቤተሰቡም ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚረዳት ይማራል። ይህ ሁሉ በነፃ ነው፤ የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጅቷን እንዳለች ማምጣት።

«አምና ብትገባ ኖሮ አሁን ካርዱን ለምዳው ነበር» ስትል ጨመረች። «የነበሯት ቃላት ይመለሱላት እንደሆነ ግን ቃል አልገባላችሁም።»

እናትየዋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሽማግሌው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ውሃ፣ በር፣ አባባ፣ እንቢ። ከአራቱ መጨረሻ የሰሙት የቱን እንደሆነ ለማስታወስ ሞከሩ፤ አልመጣላቸውም።

ገምጋሚዋ ከወንበሯ ተነሥታ ጠረጴዛውን ዞረች፤ ራቅ ብላም ወለሉ ላይ ተንበረከከች።

«እንዴት ነሽ?» አለቻት።

የድንቢጥ ዓይን ወደ ታች፣ ወደ አያቷ ወንበር ሥር ሄደ። ሽማግሌውም የምታየውን አዩ። ቀኝ እግራቸው ሳያውቁት የክፍሉን ወለል እየረገጠ ነበር፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ፔዳል እንዳለ ሁሉ። የልጅቷ ከንፈር ተንቀሳቀሰ።

«ደህና...» አለች።

ሽማግሌው እግራቸውን በእጃቸው ያዙት። ከዚያ ተነሡ።

«እኔ እዚህ እያለሁ እውነቱን አትነግርዎትም» አሏት ለገምጋሚዋ።

ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ። በሩ ከባድ፣ ለቀውት ቢሄዱ ራሱን የሚያላትም ዓይነት ነበር። እጀታውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ የቁልፉን ምላስ ወደ ውስጥ ሰብስበው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ከኋላቸው ዘጉት።